እርማት

ሃያ ሁለት ዓመት፣ ዘወትር ዓርብ ማታ፣
ከማተሚያው ደጃፍ ቆሜ በዝምታ፣
ትኩሱን ገጽ ይዤ፣ ቀለሙ ሳይጠጣ፣
ስህተት ስፈልግ ነው ቅዳሜ የሚመጣ።

አራሚያችን ነበር፣ ነፍሱን ይማር፣ ጋሽ ዘለቀ፣
መነጽሩ በክር የታሰረ፣ ለአንዲት ሰረዝ የተጨነቀ።
"ልጄ" ይለኝ ነበር፣ "የሰው ስም ያሳተ ፊደል
ከሚሳደብ አፍ ይብሳል በበደል።"
ስንሳሳትም ሳምንት ሙሉ አፍረን፣ አንገት ደፍተን፣
ገጽ ሁለት ግርጌ "በሚል ይነበብ" እንል ነበር፣ ሳጥን አበጅተን።

ከዚያ ወረቀት ተወደደ።
ሃያ አራቱ ገጽ አሥራ ስድስት ሆነ፣ አሥራ ስድስቱም ስምንት፤
የመጨረሻው ቁጥር በሰኔ ዝናብ፣ በአንድ ቅዳሜ ጥዋት
ወጣና አልተመለሰም።
ከወር በኋላ ኮዬ ፈጬ ታክሲ ተራ አገኘሁት፣
የአሥር ብር ለውዝ ታቅፎ፣ የገዛ ርዕሰ አንቀጼን ገዛሁት።

አሁን አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ ውሃ የማይወጣበት፣
መብራት የሚመጣው ሰው ተኝቶ፣ እኩለ ሌሊት።
ቢሮዬ ደረጃው ነው፤ ኔትወርክ ያለው እዚያ ብቻ፤
ባልዲ ገልብጬ እቀመጣለሁ፣ ጀርባዬን ለብሎኬት ግድግዳ ሰጥቼ።

አለቃዬ ኪሩቤል ይባላል፤ ሃያ ስድስት ነው ዓመቱ፤
ጨዋ ልጅ ነው፣ አይቆጣም፤ ችኮላ ነው ሀብቱ።
"ርዕሱ ይጩህ፣ እትዬ፤ ቀይ ክብ፣ ቢጫ ቀስት፤
አንባቢ ዛሬ አውራ ጣት ነው፤ አይታገስም ለቅጽበት።"
ተማርኩ። አልዋሽም፣ ደስ ይለኛል አንዳንዴ፣
ሻዬ ሳይበርድ ሲያነበኝ ሰው ከጎንደር፣ ከዱባይ፣ ከጎዴ።

የመጀመሪያው ዜናዬ ስለ ውሃው ነበር፣
አሥራ ዘጠኝ ቀን ስለደረቀው የቧንቧ ከንፈር።
የብሎኩን ዘበኛ ጠየቅሁት፣ አቶ ጉርሜሳን፤
ሕንጻው ሳይቆም ሽምብራ የዘራ በዚሁ መሬት፣
ዛሬ በካፖርት የሚጠብቀው፣ ሌላ ሰው የሚተኛበት።
"ውሃማ አለ" አለኝ፣ "ከብሎክ ሠላሳ ሁለት በታች
በሬዎቼ የሚጠጡባት ምንጭ ነበረች።"

ጻፍኩ። ለቀቅሁት። ተኛሁ።
ስልኬ ግን፣ አዋቂው ስልኬ፣ ከኔ ቀድሞ ቃል የሚገምተው፣
"ጉርሜሳ" ብዬ ብጽፍለት "ግርማ" ብሎ ለወጠው።

ጥዋት አየሁ። ደነገጥሁ። ነካ አድርጌ አረምኩት።
ሦስት ሰከንድ። በቃ። ጠባሳ እንኳ የለበት።
ዓይኑን በጨው የታጠበ ገጽ፣
ግርማ የሚባል ሰው እንዳልነበረ፣
ማንም እንዳላነበበ።

በር ላይ ጠበቀኝ። ልጁ አሳይቶት ኖሯል፣ ማታ አንዴ፣ ጥዋት አንዴ።
አልተቆጣም። ቁልፉን ከእጅ ወደ እጅ እያዛወረ፦
"ማታ ግርማ ነበርኩ፤ ጥዋት ጉርሜሳ አደረግሽኝ።
ደህና። ግን ያንን ሰውዬ የት ጣልሽው?
መሬቱንም እንዲህ ነበር ያደረጉት።
ስሙን ወስደው ቁጥር ሰጡትና
'ድሮም ቁጥር ነበር' አሉኝ።"

መልስ አጣሁ። ወጣሁ፤ ባልዲዬን ገለበጥሁ፤
ከውሃው ወሬ ግርጌ፣ በትንንሽ ፊደል፣ ይህን ጨመርሁ፦

*እርማት። ትናንት ማታ "አቶ ግርማ" ያልነው*
*"አቶ ጉርሜሳ" በሚል ይነበብ። ስህተቱ የጸሐፊዋ ነው።*

ኪሩቤል ወዲያው ደወለ።
"እትዬ፣ ጠፍቷል እኮ! ማን አየው? ለምን ትቀሰቅሺዋለሽ?"
"ስለጠፋ ነው" ስለው
ኔትወርኩ ተቆረጠ። ይስማኝ አይስማኝ አላወቅሁም።

ማታ ቦቴ መጣ ተባለ። ወረድኩ።
የጄሪካኑ ሰልፍ አስፋልቱን አልፎ ጭቃው ውስጥ ገብቷል።
አቶ ጉርሜሳ ደብተር ይዞ ተራ ይመዘግባል፣
እርሳሱን በምላሱ እያረጠበ።
"አስካለ" አልኩት።
ሊጽፍ ጀመረና ቀና አለ፣ እርሳሱን አየር ላይ አቁሞ፦

"በየትኛው 'አ' ነው?"